ለቡልቡላዋ ጦር ወርዋሪ፣ ስለ ክንድሽ

ልጄ፣ ሩጫ ብትመርጪ ኖሮ ከቡልቡላ ማርያም እስከ 93 ማዞሪያ መካሪ አይጠፋሽም ነበር። ጦር ውርወራ ስትይ ግን ሰዉ ይስቃል፤ ስቆም ዝም ይላል። በኢትዮጵያ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ከሩጫው ጎን ጦር፣ ዲስከስና አሎሎ እንደሚወረወር የማያውቅ ሞልቷል። እኔ ስፖርት ሳስተምር የሸበትኩ ሰው ነኝና ስለ ክንድሽ የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ውርወራሽን ቁጠሪ። ሌላውን ብትረሺ ይህን አትርሺ። ክንድን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፉ ውርወራ አይደለም፤ በዛለ ክንድ ላይ «አንድ ልድገም» እየተባለ የሚደረበው ነው። ይህን አጥብቀው ያጠኑት ቤዝቦል የሚጫወቱት አሜሪካኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናታቸው ክንዳቸው እየዛለ አዘውትረው የሚወረውሩ ልጆች ለቀዶ ሕክምና የመዳረግ ዕድላቸው ከሌሎቹ 36 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። መመሪያቸውም የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ከ95 በላይ እንዳይወረውር፣ 76 ከደረሰ ደግሞ 4 ቀን እንዲያርፍ ያዛል። የእነሱ ኳስ 150 ግራም አይሞላም፤ ከ18 ዓመት በታች ያላችሁ ሴቶች የምትወረውሩት ጦር 500 ግራም ነው። ስለዚህ የእነሱን ቁጥር እንዳለ አትውሰጂው። እኔ የምልሽ፣ በሙሉ ኃይል የሚወረወረው በአንድ ልምምድ ከ30 አይለፍ፤ በሳምንትም ከሁለት ቀን አይብለጥ፤ በመካከሉ ቢያንስ ሁለት ቀን ይግባበት። ደግሞ በደብተር ጻፊው። በቃል የተቆጠረ ውርወራ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል።

2. የምትወረውሪውን አስመዝኚ። ጦር ሲጠፋ ልጆቹ የባህር ዛፍ አጣና እንደሚወረውሩ አውቃለሁ። እርጥብ አጣና ከምታስቢው በላይ ይከብዳል፤ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ኋላ ከሆነማ ክርንሽን ይጠመዝዘዋል። አትክልት ቤት ወስደሽ ሚዛን ላይ አስቀምጪው፣ ከ500 ግራም በላይ ከሆነ አስጠርቢው። ያጠነክርሻል ብሎ የወንዶቹን የ800 ግራም ጦር የሚሰጥሽ ካለ አመስግነሽ መልሺለት። ሜዳው ላይ ኳስ የሚጫወት ልጅ ወይም የሚግጥ በግ ካለ ደግሞ ጭራሽ አትወርውሪ።

3. ክንድ መጨረሻ ነው። ኃይሉ ከእግር ይነሳል፣ በዳሌና በወገብ ያልፋል፣ ክንድ ተቀብሎ ያደርሰዋል። እግርሽና ወገብሽ ያልሠሩትን ክንድሽ ይሸፍናል፤ ጉዳቱም ከዚያ ይመጣል። ኬንያዊው ጁሊየስ ዬጎ ውርወራን ከዩቲዩብ እያየ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ቤጂንግ ላይ በ92.72 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዓመቱ ሪዮ ላይ ብር ሲያገኝ ግን ውድድሩን መጨረስ አልቻለም፤ ያስቆመው ክንዱ ሳይሆን እግሩ ነበር። ቁጭ ብድግ ሥሪ፣ ወገብሽን አጠንክሪ፣ ሊፍት የሌለው የኮንዶሚኒየም ደረጃ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅሽም።

4. ጎሚስታ ጋ ሂጂ። ያለቀ ካላማዳሪ ለምኚው፤ የሞተር ወይም የብስክሌት ይሁን፣ የመኪናው ይጠነክርብሻል። በሁለት ጣት ስፋት በረጅሙ ቁረጪ፣ ልብስ እንዳያጠቁርብሽ በሳሙና እጠቢው፣ ከደረጃው ብረት ላይ በወገብሽ ልክ እሰሪው። ለብረቱ ጎንሽን ሰጥተሽ ቁሚ፤ የምትወረውሪበት እጅ ከብረቱ የራቀው ይሁን። ክርንሽን አጥፈሽ ከጎንሽ አስጠጊና በመካከል የተጠቀለለ ፎጣ አስገቢ። ፎጣው ከወደቀ ክርንሽ ሸሽቷል። አሁን እጅሽን ከሆድሽ ወደ ውጭ ቀስ ብለሽ ክፈቺ፣ ከዚያም ይበልጥ ቀስ ብለሽ መልሺ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ትልቁ ነገር መመለሱ ነው፤ ጦሩ ከእጅሽ ከወጣ በኋላ ክንድሽን ፍሬን የሚይዙለት ከትከሻ ጀርባ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። ጂም ገብተው ደረት ብቻ የሚያሳብጡት የሰፈራችን ጎረምሶች እነዚህን ጡንቻዎች አያውቋቸውም፤ መስታወት ላይ አይታዩማ! ከዚያ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሙይና አልጋ ጫፍ ላይ በሆድሽ ተኝተሽ ክንድሽን ወደ ጎን አንሺው፣ አውርጂው። ክብደቱ ከጦርሽ ጋር እኩል ነው፤ ከዚህ በላይ አትፈልጊ።

5. ጀሪካኑን ተከፋፈሉት። ውሃ ሲጠፋ ባለ 20 ሊትሩን አራተኛ ፎቅ የምታወጪው አንቺ እንደሆንሽ አያለሁ። 20 ኪሎ ነው። በወረወርሽበት ቀን ወንድምሽ ይሸከም፤ በሌላው ቀን እጅ እየቀያየርሽ አውጪ።

6. ሕመሙን ለዪው። የዛለ ጡንቻ በማግስቱ ይሰማሻል፣ በሁለት ቀን ይለቅሻል። ስትወረውሪ ክርንሽ በውስጥ በኩል ከወጋሽ፣ ትንሿ ጣትሽ ከደነዘዘች ወይም ክርንሽ አልዘረጋ ካለ ግን ያኔውኑ አቁሚ። ዘመድ ወጌሻ ጋ እንውሰድሽ ይልሻል። ወጌሻን አልንቅም፤ የኳስ ቡድኖቻችንም ሜዳ ዳር ያለውን ባለሙያቸውን ወጌሻ ነው የሚሉት። ያመመ ክርን አሽቶና ስቦ አጥብቆ ማሰር ግን ለአንቺ አይሆንም። በአንቺ ዕድሜ አጥንት የሚያድግበት ጫፍ ከጅማቱ ይልቅ ደካማ ነው፤ ሲጎተት የሚለያየው እሱ ነው። ከልክ በላይ የታሰረ እጅም ደም አጥቶ ለመቆረጥ ይደርሳል። ራጅ ተነሺ። በአቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ስሙም እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ ሁለት ወርቅ ካመጣችው ከጥሩነሽ ዲባባ የመጣ ነው።

የክርን ጅማት ቢበጠስም ይቀጠላል የሚሉሽን አትስሚ። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ1974 የቤዝቦል ወርዋሪው ቶሚ ጆን የክርኑ ጅማት ተበጥሶ፣ ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከሌላኛው እጁ ጅማት ወስዶ ተክቶለት እስከ 1989 ተጫውቷል። ህንዳዊው ኒራጅ ቾፕራም እ.ኤ.አ. በ2019 ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በ2021 ቶኪዮ ላይ በ87.58 ሜትር የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዷል። ቶሚ ጆን ግን 1975ን ሙሉውን ሳይጫወት አሳልፏል፤ ሁለቱም ወጪውን የሚችልላቸው ነበራቸው። አንቺና እናትሽ የላችሁም።

7. በጾም ሽሮውንና ምስሩን አታሳንሺ፣ በጊዜ ተኚ፣ በታኅሣሥ ብርድ ሰውነትሽ ሳይሞቅ ጦር አታንሺ።

8. አሰልጣኝሽ «ቻይው» ካለሽ ደብተሩን አሳዪው። አክብረሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ግን አሳዪው። ካልሰማሽ እኔ ጋ ነይ፤ አብረን ሄደን እናነጋግረዋለን።