የምግብ ሥራ ውድድር ለሚያሰናዱ



በከፋ ምድር ለድስት የሚያስፈልገው ብዙው ነገር በደጃችን የሚገኝ ነው። እንሰቱ ከጓሮ፣ ኮረሪማውና ጥምዙ ከጫካው ጥላ ሥር፣ ማሩ ዛፍ ላይ ከተሰቀለው ቀፎ ይገኛል፤ ስለ ቡናው መናገርማ ለቦንጋ ሰው ትርፍ ነገር ነው። ይህን ሀብት ለገዢ ለማስተዋወቅ የምግብ ሥራ ውድድር ማሰናዳት ለነጋዴ የሚጠቅም ሐሳብ መሆኑ አያጠራጥርም። ኮረሪማ የሚሸጥ ሰው ስለ ኮረሪማው ግማሽ ቀን ከሚናገር ይልቅ ገዢው አንድ ጊዜ በወጥ ውስጥ ቢቀምስለት ይሻለዋል። ነገር ግን ውድድር የሚጠቅመው ፍርዱ የታመነ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ያልታመነ እንደ ሆነ ግን የአሰናጁን ስም ይዞ ይወድቃል።

ይህን የምለው አይቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ከተማ በተደረገ የምግብ ሥራ ውድድር ነጥብ መዝጋቢ እንድሆን ተጠርቼ ነበር። ድስቶቹ ሁሉ የባለቤታቸው ስም ተጽፎባቸው ከዳኞች ፊት ተደረደሩ። ከድስቶቹም አንዱ ሽልማቱን የሰጠው ነጋዴ የቅርብ ዘመድ ድስት ነበረ። ከዳኞቹ አንዱ ወረቀቱን ካስረከበኝ በኋላ «ተሳስቻለሁ» ብሎ መልሶ ወሰደና 71 የነበረውን 77 አድርጎ ሰጠኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ጻፍሁ። የዘመዲቱ ድስት አንደኛ ወጣ። የሁሉም አፍ የመሰከረላቸው አንዲት ባልቴት ግን ድስታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት ለውድድሩ የተመዘገቡት አራት ሴቶች ብቻ ስለ ነበሩ ነገሩ በዚያው ቀረ። የነጋዴውም በርበሬ «የሽልማቱ በርበሬ» የሚል መሳለቂያ ስም ወጣለት። ያን ቀን ብዕሬን አስቀምጬ «ይህ አይሆንም» ብዬ ቢሆን ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

እንግዲህ መልካም ፍርድ እንዴት እንደሚገኝ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ2012 ዓ.ም. ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ተደርጎ ነበር። 1,459 ናሙና ቀርቦ፣ ከዙር ወደ ዙር እየተጣራ፣ በመጨረሻ 28 ቡና ተመረጠ። አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና 91.04 ነጥብ አግኝቶ በጨረታ አንዱ ፓውንድ በ185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ። በፈረሱላ ቢሰላ ከ6,900 ዶላር በላይ መሆኑ ነው። (አንደኛው ከእኛ ከከፋ አለመሆኑን ስጽፍ ትንሽ ይከነክነኛል።) ባሕር ማዶ ያለ ገዢ ይህን ያህል ገንዘብ የከፈለው ገበሬውን አውቆት አይደለም፤ ፍርዱን ስላመነ ነው። ያመነውም ቡናው ከቀማሾች ፊት የቀረበው በባለቤቱ ስም ሳይሆን በቁጥር ስለ ነበረ፣ ብዙ ቀማሾችም ደጋግመው ስለ ቀመሱት ነው።

የቡና ቀማሾች ሥርዓት ለወጥም ይሆናል። በተለመደው የቅምሻ ደንብ ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ቡና ይመዘናል፤ ከአንዱ ናሙናም አምስት ስኒ ይቀርባል። የአንዱ ቡና ወፍሮ የሌላው እንዳይቀጥን ነው። ወጡም እንዲሁ ከድስቱ ወደ አንድ ዐይነት ሳህን በአንድ ጭልፋ ልክ ይውጣ፤ አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ አይቅረብ። ድስቶቹን የሚቀበልና ቁጥር የሚሰጥ አንድ ሰው ይሁን፤ የስምና የቁጥሩን ዝርዝር በፖስታ አሽጎ ያስቀምጥ፤ እርሱም ከዳኞቹ ክፍል አይግባ። ዳኞቹ በተራ ሲቀምሱ መጀመሪያ የቀረበው የረኃብ፣ መጨረሻ የቀረበው የጥጋብ ዕድል እንዳይደርስበት ተራው ለእያንዳንዱ ዳኛ በዕጣ ቢለያይ መልካም ነው። በእኔ አስተያየት ሰው ከስምንት ወጥ በላይ በአንድ ጊዜ ቀምሶ በትክክል ሊፈርድ አይችልም፤ ቢበዛ ዕረፍትና ውሃ ያስፈልገዋል።

የነጥቡ ሒሳብ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጉዳይ ስለ ሆነ በምሳሌ ላስረዳ። አምስት ዳኞች አሉ እንበል። ለድስት ሀ 78፣ 80፣ 79፣ 81 እና 40 ሰጡ፤ ድምሩ 358። ለድስት ለ 74፣ 75፣ 73፣ 76 እና 74 ሰጡ፤ ድምሩ 372። ከአምስቱ አራቱ ሀን አብልጠው ሳለ አንድ ዳኛ ብቻውን ለን አሸናፊ አደረገ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ድስት ከተሰጠው ነጥብ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ቢወጣ ግን የሀ ሦስት ነጥቦች 237፣ የለ 223 ይሆናሉ፤ ፍርዱም ወደ ብዙዎቹ ሐሳብ ይመለሳል። ሌላው መድኃኒት ከውድድሩ በፊት ዳኞች ሁሉ ከውድድር ውጭ የተሠራ አንድ ወጥ አብረው ቀምሰው ነጥብ እንዲሰጡና ለምን እንደ ተለያዩ እንዲነጋገሩ ማድረግ ነው፤ ቀማሾችም ከሥራ በፊት እንዲህ ያደርጋሉ። ነጥብ በቀለም ይጻፍ፤ የተሰረዘ ቁጥር ቢኖር ዳኛው በሰብሳቢው ፊት ይፈርምበት። ይህን ደንብ ከየት እንዳመጣሁት አንባቢ ያውቃል።

ጣዕም ብቻ ሳይሆን የአሠራሩም ንጽሕና ሊፈረድበት ይገባል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ሁለቱን አይፍረድ። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ በ1979 ዓ.ም. የተጀመረውና በወጥ ቤቱ ሊቅ በፖል ቦኩዝ ስም የሚጠራው ታላቅ ውድድር የወጥ ቤት ዳኞችንና የቅምሻ ዳኞችን ለየብቻ ያቆማል። ማን እንደ ሠራ ያየ ሰው ስም የሌለውን ሳህን በነጻ ልብ ሊቀምስ አይችልምና።

ስለ ሰዓቱ ከሌላ አገር ደንብ መቅዳት አይበጅም። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላና ሥጋ ለመብሰል ይዘገያሉ። ቆጮ ደግሞ ተቀብሮ ለመብላላት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ ምን ተሰናድቶ መምጣት እንደሚቻልና ምን በሜዳው ላይ መሠራት እንዳለበት ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ይገለጽ፤ ቆጮ፣ የተነጠረ ቅቤና በርበሬ ከቤት ይምጡ፤ ሽንኩርት መክተፍና ማቁላላት ግን በዳኞች ዐይን ፊት ይሁን። ምድጃም በዕጣ ይታደል። የከፋ ዝናብ የታወቀ ነውና ዳስና ደረቅ እንጨት የሌለው አሰናጅ ወጥ ሳይሆን ጢስ ያስቀምሳል።

ቀኑን መምረጥ ከሁሉ ይከብዳል። ዝናቡ የሚቀንስበት ወራት ሲጀምር ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል፤ ኋላም ዐቢይ ጾም ይመጣል። ለቅቤና ለሥጋ ምግብ የሚመቸው ከጥምቀት በኋላ ያለው የጥር ጊዜ ነው፤ ያውም ከረቡዕና ከዓርብ በስተቀር፣ የነነዌ ጾምም እንዳይገጥም አይቶ። ረመዳን በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚቀድም የእስልምናውንም መቁጠሪያ መመልከት ያሻል። ሥጋ ከገባ ደግሞ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን ስለማይበላ ሁለት ምድብ፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት የዳኞች ማዕድ ማዘጋጀት ግድ ይሆናል። በበኩሌ የመጀመሪያው ውድድር የጾም ምግብ ብቻ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሁሉም ዳኛ ከአንድ ማዕድ ይቀምሳል፣ ወጪውም ይቀላል። ኮረሪማና ጥምዝ ያለ ቅቤ ሲቀርቡም መዓዛቸው ይበልጥ ይለያል።

ሽልማት የሚሰጠው ነጋዴ ስሙ በዳሱ በር ላይ ይጻፍለት፤ ዳኛ ግን አይሁን፤ ዘመዶቹና ሠራተኞቹም አይወዳደሩ። የእርሱን ቅመም ብቻ ተጠቀሙ ማለትም አይገባም። ይልቅስ እያንዳንዷ ተወዳዳሪ ቅመሟን ከየትኛው ሱቅ እንደ ገዛች በምዝገባ ወረቀቷ ላይ ትሙላ፤ የአሸናፊዋ ወረቀት ሲነበብ ያ ሱቅ የሚያገኘው ስም በገንዘብ አይገዛም።

የታሸገው ፖስታ በሕዝብ ፊት ይከፈት፤ የእያንዳንዱ ዳኛ ነጥብም ከነቁጥሩ በሚቀጥለው ቀን በንግድ ጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ወረቀቶቹ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት አሰናጆች ከመዝገብ ጋር ተያይዘው ይቀመጡ።