ሦስቱ ፖስታዎችና በቤታችን የሞከርሁት የቶር ጣቢያ

ሰው ደብዳቤ ሲልክ ውስጡ ባይነበብም እንኳ ማን ለማን እንደ ጻፈ ከፖስታው ላይ ይታያል። በኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ይህን ለመሸፈን የታሰበው ዘዴ በ1990ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ተጀመረ፤ ቶር የተባለውም መረብ በ2002 ሥራውን ዠመረ።

አሠራሩ ደብዳቤን በሦስት ፖስታ ደራርቦ እንደ መላክ ነው። መልእክቱ እንደ ሽንኩርት በሦስት ሽፋን ይታሸግና በሦስት የበጎ ፈቃደኞች ጣቢያ ያልፋል፤ እያንዳንዱም የራሱን ሽፋን ብቻ ይከፍታል። የመጀመሪያው ላኪውን ያውቃል፥ መድረሻውን አያውቅም፤ መካከለኛው የሚያውቀው ሁለቱን ጎረቤት ጣቢያዎች ብቻ ነው፤ የመጨረሻው መድረሻውን ያውቃል፥ ላኪውን ግን አያውቅም።

እኔም ከነዚህ አንዱን በቤታችን ኮምፒዩተር ላይ ለማቆም ፈልጌ አባቴን ፈቃድ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ የማናውቀው ሰው በእኛ መስመር ክፉ ቢሠራ ተጠያቂው ማነው?» አሉኝ። ያን ዕለት መልስ አጣሁ። ጥቂት ቀን ካነበብሁ በኋላ ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይኸው ጥያቄ መሆኑን ተረዳሁ። ድረ ገጹ የሚያየው የመጨረሻውን ጣቢያ አድራሻ ስለ ሆነ፥ ወቀሳውም የሚመጣው በእርሱ ላይ ነው። መካከለኛው የታሸገውን ብቻ ያቀብላል። ሆኖም አድራሻው በይፋ መዝገብ ስለሚገባ አንዳንድ ድረ ገጾች ቤታችንን ሊከለክሉ እንደሚችሉ ሳልሸሽግ ነገርኋቸው፤ ፈቀዱልኝም።

ፕሮግራሙን በዊንዶውስ ላይ ጭኜ፥ ቶርአርሲ በሚባለው የማዘዣ ፋይል የጣቢያውን ስም፥ የመገናኛ አድራሻ፥ 9001 የተባለውን የመግቢያ በር፥ የመጨረሻ ጣቢያ እንዳይሆን የሚከለክለውን ትእዛዝና የፍጥነቱን ወሰን ጻፍሁ። ያንኑ በር በፋየርዎሉና በራውተሩ ላይ ከፈትሁ። መስመሩም ወደ ውስጥም ወደ ውጭም በሰከንድ 10 ሜጋቢት ያኽል ሊያሳልፍ ይገባል።

ነገር ግን አልሆነልኝም። ፕሮግራሙ በሩ ከውጭ እንደማይደረስበት ደጋግሞ አስታወቀኝ። ሁለት ምሽት ከደከምሁ በኋላ ምክንያቱን ደረስሁበት፤ የመስመራችን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች የጋራ ኖሯል። የራሱ ደጅ የሌለው ቤት እንግዳ አይቀበልም። ከሁሉ አስቀድሜ ልመረምረው የሚገባኝን በመጨረሻ መረመርሁት።

በዚህ ፈንታ ከአባቴ ጋር ተመካክረን በአሳሹ ላይ የሚጨመረውን ስኖውፍሌክ አስገባን። ይህ የራስ አድራሻ አይጠይቅም፤ ቶር የታገደበትን ሰው እስከ መረቡ መግቢያ ያደርሰዋል እንጂ ወደ ድረ ገጹ አይወጣም። በአገራችንም በ2012 ቶር ታግዶ ስለ ነበር ጥቅሙ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ቶር ጋሻ ነው እንጂ ተአምር አይደለም፤ ስሙን በገዛ እጁ የጻፈውን አይሸሽገውም፥ ለክፉም ሰው መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ልትሞክሩት ብትፈልጉ አስቀድማችሁ ወላጆቻችሁን አማክሩ፥ ሕጉንና የመስመራችሁን ውል አንብቡ። የእያንዳንዱ ጣቢያ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።