የመሄጃ ዋዜማ
(የታሪክና የማኅበራዊ ኑሮ ትምህርት)



የምንገበያይባት ከተማ ኒው ሀልፋ፣ በዓረብኛ ሐልፋ አልጀዲዳ፣ «አዲሲቱ» የተባለችው አሮጌይቱ ስለ ሰጠመች ነው። አሮጌይቱ ዋዲ ሀልፋ በስተ ሰሜን፣ በግብፅ ጠረፍ፣ በአባይ ዳር ነበረች። ግብፅ ታላቁን የአስዋን ግድብ ስትሠራ ውኃው ወደ ኋላ ተኝቶ የኑቢያውያንን መንደሮች የሚውጥ ሆነ። ሱዳንና ግብፅ በ1959 እ.ኤ.አ. ስለ አባይ ውኃ ከተዋዋሉ በኋላ 50,000 ያህል ሱዳናውያን ኑቢያውያን ወደዚህ ሜዳ እንዲዛወሩ ተወሰነ። ብዙዎቹ ተቃውመው ነበር፤ አልተሰሙም። የመጀመሪያው ባቡር የፋራስን መንደር ሰዎች ጭኖ የተነሣው በጃንዋሪ 1964 እ.ኤ.አ. ነው። (ጂኦግራፊ ለምትማሩ፦ እዚህ እርሻውን የሚያጠጣው የአትባራ ወንዝ ከጎንደር በኩል የሚወርደው ጓንግ ነው። ተከዜም ሰቲት ተብሎ ይቀላቀለዋል።)

በዚያ ጊዜ የዋዲ ሀልፋ አስተዳዳሪ የነበሩት ሐሰን ደፈአላህ ስለዚሁ መጽሐፍ ጽፈዋል። ሰዎቹ ከመሳፈራቸው በፊት የሄዱት ወደ መቃብር ነበር። ሲጫኑ መንደር በመንደር ስለ ነበረ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ተጓዘ። ቀርቶ የሚሰናበቱት በይበልጥ የሞተውን ነበር።

እኛ ግን እንዲህ አልወጣንም። አንዱ በመተማ፣ ሌላው በሑመራ፣ አንዱ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ በሌሊት፣ በየፊናችን ነው የመጣነው። ዘመዶቻችን ገዳሪፍም፣ ከሰላም፣ ካርቱምም፣ ባሕር ማዶም ተበትነዋል። ስለዚህ ከመካከላችን አንድ ሰው ሊሄድ ሲል በመጨረሻዋ ቀን የሚሯሯጠው በሕይወት ያለውን ለመሰናበት ነው። ቀኗም አትበቃም። የእኛን ቤት ልንገራችሁ።

በ2009 ዓ.ም. አክስቴ ከካናዳ ልትጠይቀን መጣች። ሁለት ሳምንት ቆየች። በዋዜማው ሌሊት ተቀምጠን የቀሩንን ቤቶች ቆጠርን፤ ስድስት ሆኑ። በማግሥቱ ንጋት ደግሞ የካርቱሙ አውቶቡስ ይነሣል፤ አውሮፕላኗ የዚያኑ ዕለት ሌሊት ነው። እኔ በወረቀት ላይ ቅደም ተከተል አወጣሁ። መምህር ነኝና በዚህ ራሴን አዋቂ አድርጌ ነበር። ቅርብ ቅርቡን አስቀደምኩ፤ ከሁሉ ራቅ ያለ ሰፈር የሚኖሩትን የአያቴን እኅት መጨረሻ ላይ አደረግሁ።

ስሕተቴ ይኸው ነው። በመጀመሪያው ቤት ቡና ተፈላ። አቦል ጠጥታችሁ ብትነሡ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ በረካ ሳይጠጣ ማን ይለቃል? በሁለተኛው ቤት ዶሮ ታርዶ ጠበቀን። በሦስተኛው ለልጅ የሚላክ በርበሬ ገና እየተደለዘ ነበር፤ እስኪያልቅ ተቀመጥን። በአራተኛው እናቴም ነበረችና አክስቴ ሳታስበው «ነገ ወደ ቤቴ ስገባ እደውላለሁ» አለች። እናቴ ስኒውን አስቀምጣ «ቤትሽ እዚያ ሆነ?» አለቻት። ሁለቱም አለቀሱ። ሰዓቱም ሄደ። ከአምስተኛው ቤት ስንወጣ መሽቶ ነበር፤ ባለ ራክሻው በዚህ ጨለማ ያን መንገድ አልሄድም አለን። አክስቴ ገንዘብና አንድ ነጠላ ላከችላቸው፤ «በሚቀጥለው ዓመት ከእርስዎ እጀምራለሁ በልልኝ» አለችኝ።

እማማ በዚያው ክረምት ዐረፉ።

ሐዘኑን ትቼ ለትምህርታችን የሚሆነውን ልንገራችሁ። የአያቴ ወንድም ልጅ በ1977 ዓ.ም. በመንገድ ከእኛ ተለይቶ ቀርቷል። አክስቴ በኋላ በቀይ መስቀል በኩል ልታፈላልገው ስትሞክር የአባቱን ሙሉ ስም፣ የአያቱን ስምና የተወለደበትን ቀበሌ ተጠየቀች። እኛ የምናውቀው «ጋሼ» የሚለውን መጠሪያ ብቻ ነበር። የቀረውን የሚያውቁት እማማ ነበሩ።

በዚህ ላይ የእኛ ስም ለፈረንጅም ለዓረብም አይመችም። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ልጅ በአባቱ፣ አባት በአያቱ ይጠራል። ስለዚህ አጎትና የወንድም ልጅ በወረቀት ላይ ባዕድ ይመስላሉ። ዓረብኛ ደግሞ «ጰ» የለውም፤ ጴጥሮስ ካርድ ላይ ቡጥሮስ ሆኖ ይወጣል። «ጨ»ም የለውም፤ ጫኔ የተባለ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ጸሐፊው ያውቃል። የልደት ዘመንም እንዲሁ ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ 1983 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ 1990 ነው፤ በየካቲት 1983 የተወለደው ግን 1991 ነው። አንዱ ወንድም በአንድ ቢሮ ሰባት፣ ሌላው በሌላ ቢሮ ስምንት እየደመረ ካስመዘገበ፣ ሁለቱ ወረቀቶች አይገናኙም።

ወላጆች ሆይ፣ የሚሄድ ሰው ካላችሁ ከሽማግሌውና ከአሮጊቷ ቤት ጀምሩ፤ ወጣቱ ይቆያል፣ ቡናውም ይቆያል። ሩቅ ከሆነ በዋዜማው ሳይሆን በሁለተኛው ቀን ሂዱ። ደብተር ያዙ። በቀይ መስቀል ወይም በቀይ ጨረቃ በኩል የቤተ ሰብ መልእክት የምትልኩም፣ ወረቀቱ ሳይታሸግ የሚሄድ ስለ ሆነ የቤተ ሰብ ወሬ ብቻ ጻፉበት፤ የፖለቲካ ነገር ከገባበት አይተላለፍም።

የቤት ሥራ

ከአራተኛ ክፍል በላይ ያላችሁ ልጆች፣ ከቤታችሁ ወይም ከጎረቤት በዕድሜ ትልቁን ሰው ጠይቁ። የእናታችሁንም የአባታችሁንም ወገን እስከ አራት ትውልድ በአማርኛ ጻፉ፤ ከጎኑ በካርድ ላይ በዓረብኛ የተጻፈው ስም እንዴት እንደሚነበብ አስቀምጡ። የትውልድ ቦታን ስትጽፉ አውራጃውን ብቻ ሳይሆን ቀበሌውን፣ ደብሩን ወይም መስጊዱን፣ የቅርቡንም ወንዝ ጨምሩ። በመንገድ የተለየ ሰው ካለ፣ መቼና የት እንደ ተለየ ለብቻው ይጻፍ። ስሙ የማይታወቅ ካለ ቦታውን ክፍት ተዉት እንጂ በግምት አትሙሉት።

ሰኞ ጠዋት ይዛችሁ ኑ። እኔም የራሴን ይዤ እመጣለሁ፤ በአያቴ ወንድም በኩል ያለው መስመር ገና ክፍት ነው።