ከሎንዶን እስከ ፓሪስ በአይሮፕላን

ሎንዶንና ፓሪስ በቀጥታ መስመር ሲለኩ 344 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት 26 ደቂቃ በበቃው ነበር። ነገር ግን መሬት ለመሬት መንከባለል፣ ተራ መጠበቅ፣ መውጣትና መውረድ ስላለበት ጉዞው አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የሰዓቱ ነገር ነው። ከሎንዶን ከጧቱ በ4 ሰዓት የተነሣ መንገደኛ ፓሪስ የሚገባው በዚያው ከተማ አቈጣጠር በ6 ሰዓት ከሩብ ነው፤ ሲመለስ ግን በ8 ሰዓት ተነሥቶ በ8 ሰዓት ከሩብ ይደርሳል! የፓሪስ ሰዓት በአንድ ሰዓት ይቀድማልና። ይህ ልዩነት ከፀሐይ የመጣ አይደለም፤ በፀሐይ ቢሆን 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1940 ጀርመኖች ፓሪስን ሲይዙ ሰዓቷን ከበርሊን ጋራ አስተካከሉት፤ ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም።