«ሚኒስትር» የሚለው ቃል ትርጕምና አመጣጥ

በመንግሥት ደብዳቤ ላይ «ሚኒስትር» እና «ሚኒስቴር» የሚሉት ሁለት ቃላት ዘወትር ይጻፋሉ። የፊተኛው የሹሙ፣ የኋለኛው የመሥሪያ ቤቱ መጠሪያ ሲሆን፣ ይህ አለያየት በፈረንሳይኛ ካለው ጋራ አንድ ነው። በኢትዮጵያ ማዕርጉ የተቋቋመው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ነው። የቃሉ ሥር ግን ከጥንቱ የሮማውያን ቋንቋ ከሮማይስጥ፣ ማለት ከላቲን ነው፤ የጥንት ትርጕሙም ብዙ ሰው ከሚያስበው እጅግ የራቀ ነው።

በሮማይስጥ «ማጊስ» ማለት የበለጠ፣ «ሚኑስ» ማለት ያነሰ ነው። ከፊተኛው ወገን «ማጊስተር» የሚለው ቃል ወጣ፤ ይኸውም የበላይ፣ አለቃ፣ መምህር ማለት ነው። በዚሁ አምሳል ከኋለኛው ወገን «ሚኒስተር» ተባለ፤ ፍችውም የበታች፣ አገልጋይ፣ በማዕድም ጊዜ ወይን የሚቀዳ አሳላፊ ማለት ነው። አገልግሎቱም «ሚኒስቴሪዩም» ይባል ነበር።

ከሮማይስጥ የተወለዱት ቋንቋዎች ሁለቱንም ቃላት ወርሰዋል። «ማጊስተር» በኢጣልያንኛና በእስፓንኛ «ማኤስትሮ»፣ በፈረንሳይኛ «ሜትር» ሆነ። «ሚኒስተር» ደግሞ በኢጣልያንኛ፣ በእስፓንኛና በፖርቱጋልኛ «ሚኒስትሮ»፣ በሩማንኛ «ሚኒስትሩ» ተባለ። እነዚህ ሹሙን የሚጠሩ ናቸው። በሕዝብ አፍ ሲነገሩ የኖሩት የዚሁ ሥር ልጆች ግን ከዝቅተኛው ትርጕም አልራቁም። የፈረንሳይኛው «ሜትዬ» እና የኢጣልያንኛው «መስቲዬሬ» እንደ አናጢነትና እንደ ግንበኝነት ያለ የእጅ ሙያ ማለት ነው፤ የእስፓንኛው «መነስቴር» የሚያስፈልግ ነገር ማለት ነው። በፈረንሳይ በጌታ ቤት የሚያገለግለው ዘፋኝ «መነስትሬል» ይባል ነበር። የኢጣልያኖች ሾርባ «ሚኔስትራ»፣ ከፍ ያለውም «ሚኔስትሮኔ»፣ ምግብ አቅርቦ ማደል ከሚለው ግስ የመጣ ነው። እንግዲህ የሚኒስትሩ ማዕርግና የሾርባው ስም ዘመዳሞች ናቸው።

የአገልጋይ ስም የታላቅ ሹም ስም ሊሆን የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በንጉሥ አጠገብ የሚያገለግል ሰው የጌታውን ምሥጢር ይሰማል፣ ትእዛዙንም ያደርሳል፤ ከጌታውም ክብር የተነሣ እርሱ ይከበራል። በፈረንሳይ ካርዲናል ሪሽልዮ በ1624 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የሉዊ 13ኛ ዋና ሚኒስትር በሆነ ጊዜ፣ ስሙ አገልጋይ ቢሆንም የመንግሥቱ ሥራ ሁሉ በእጁ ነበር። በኢትዮጵያም «ጸሐፌ ትእዛዝ» የሚለው ስም በቁሙ ትእዛዝ የሚጽፍ ማለት ሲሆን፣ ማዕርጉ ከከፍተኞቹ አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ቃሉ በቤተ ክርስቲያንም ሌላ መንገድ አለው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20፣ ታላቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋይ ይሁን በሚለው ትምህርት፣ በጽርእ «ዲያቆኖስ» የተባለውን ቅዱስ ሄሮኒሞስ በሮማይስጥ «ሚኒስተር» ብሎታል። «ዲያቆን» የሚለው የኢትዮጵያ ቃልም ከዚሁ ጽርእ የመጣ ነው። ስለዚህ በመቅደስ የሚያገለግለው ዲያቆንና በመንግሥት የሚያገለግለው ሚኒስትር በስማቸው ትርጕም አንድ ናቸው።

የዚህ ጥናት ጥቅም ለቃላት ዕውቀት ብቻ አይደለም። የሚኒስቴር ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ በሥሩ «አገልግሎት» የሚል ቃል ይዟል፤ ይህም ከላይኛው ሹም ጀምሮ በመስኮት በኩል ማመልከቻ እስከሚቀበለው ጸሐፊ ድረስ ይደርሳል። ባለጉዳዩን ያለ ምክንያት «ነገ ተመለስ» እያለ የሚያመላልስ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ስም ትርጕም ያፈርሳል። ባለጉዳዩም በበኩሉ ጉዳዩን በሥርዓት ሲያቀርብ፣ የሚጠይቀው ችሮታ ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመበትን ሥራ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።