መጻጉዕና በማዕከል የሚኖሩ ልጆቻችን

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንደተጻፈው መጻጉዕ 38 ዓመት በደዌ የኖረ ሰው ነው። ልብ በሉ፤ የተኛው በምድረ በዳ አይደለም፤ ሕመምተኛ በሞላበት መጠመቂያ አጠገብ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ግን ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ለጌታ ነገረው።

ዛሬም በእንክብካቤ ማዕከል የሚኖሩ አካል ጉዳተኛ ልጆች አሉ። አልጋና ምግብ አላቸው፣ ሞግዚትም አላቸው። የራሳቸው ሰው ግን? ከሰንበት ተማሪዎች ጋር ለጥየቃ በሄድንበት ቦታ፣ መናገር የማይችል አንድ ልጅ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርግ ነበር። ሞግዚቷ «እናቱን እየጠበቀ ነው» አለችን። እናቱ ከመጣች ሁለት ፋሲካ አልፏል።

በዚህች እናት አንፍረድባት። ድህነት አለ፤ የሰው ሐሜት አለ፤ «ምን ሠርታ ነው እንዲህ ያለ የወለደችው?» የሚል ጎረቤት አለ። ጌታ ግን በዮሐንስ ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት በመሥራታቸው እንዳልሆነ አስተምሯል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም፣ ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከወላጆቹ እንዳይለይ በአንቀጽ 23 ይደነግጋል። አቅም አንሶን ማዕከል ብናስገባው እንኳ ወላጅነታችን በር ላይ አይቀርም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. የመጠየቂያ ቀን እንቁረጥ፤ ቀኑንም እናክብር። ልጁ ቀን መቁጠር ባይችል መምጣታችንን ይለምዳል።

2. የልጁን ጠባይ ለሞግዚቶቹ እንንገር፤ ሲርበው፣ ሲያመው፣ ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ ከቤተሰብ በላይ ማን ያውቃል?

3. ምግብ ስንወስድ አስቀድመን እንጠይቅ፤ ለመዋጥ የሚቸገር ልጅ ሊታነቅ ይችላል። ጠበል ስንወስደውም የታዘዘለትን መድኃኒት አናቋርጥ።

4. ወንድምና እኅቶቹን ይዘን እንሂድ። ከተቻለ በበዓል ቤት መጥቶ ከማዕዱ ይቁረስ። ዓረብ አገር ያለች እናትም ድምፅዋን በስልክ ታሰማው።

ጎረቤት ሆይ፣ አንተም ሐሜቱን ተውና የታክሲ ሳንቲም ላጣችው እናት የመሳፈሪያ ስጣት፤ ወይም አብረሃት ሂድ። ከምግብ ብቻ ሳይሆን ከሐሜትም መጾም ይህ ነው።

ቸሩ አምላክ ለልጆቻችን ሰው የምንሆንበትን ልብ ያድለን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።