«ማ ቡሚ»፦ «መሬታችን» ስንል እነማን ነን?

በዚህ እትም ለጥናት ዓምዳችን የመረጥነው መጽሐፍ ሳይሆን ፊልም ነው። ይኸውም በደቡብ ሕንድ በቴሉጉ ቋንቋ በ1979 የተሠራው «ማ ቡሚ» ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የጥናት ክበባችን አባሎች ፊልሙን አብረን ከተመለከትን በኋላ ሦስት ምሽት ተከራክረንበታል። ክርክራችን ዞሮ ዞሮ በአንዲት ቃል ላይ ስላረፈ ትምህርቱንም ከዚያችው ቃል እንጀምራለን።

ቃሏ «ማ» ናት። ትርጉሟ «የእኛ» ነው፤ «ቡሚ» ደግሞ መሬት ማለት ነው። ነገር ግን በቴሉጉ «የእኛ» ሁለት ዓይነት ነው። ተናጋሪው አድማጩንም ጨምሮ «የእኛ» ሲል «መነ» ይላል፤ አድማጩን ሲያስወጣ ግን «ማ» ይላል። ስለዚህ የፊልሙ ርእስ «መሬታችን» ብቻ ሳይሆን «የእኛ እንጂ ያንተ ያልሆነው መሬት» ማለት ነው። ለባለርስቱ የተሰጠ መልስ ነው። አማርኛችን ይህን ልዩነት በቃል ስለማያሳይ፣ «እኛ» ስንል ማንን እንዳስገባንና ማንን እንዳስወጣን ሳንጠይቅ ማለፍ ይቀናናል።

ታሪኩ የሚፈጸመው በተላንጋና ገጠር ነው። ይህ አገር እስከ 1948 ድረስ በሃይደራባድ ገዥ በኒዛም ሚር ዑስማን ዓሊ ኻን ሥር ነበር። በየመንደሩ ግን የሚያዝዘው «ዴሽሙክ» የተባለው የመሬት ከበርቴ ነው። ገበሬው «ቬቲ» የሚሉት ግዴታ ነበረበት፤ ያለ ደመወዝ ያርሳል፣ ይሸከማል፣ ያጥባል። በእኛ አገር ሁዳድ ይባል የነበረውን የሚያስታውስ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ጁላይ 4 ቀን 1946 በካዳቬንዲ መንደር የባለርስቱ ሰዎች ዶዲ ኮማራያ የተባለውን ገበሬ ተኩሰው ገደሉት። ከዚያ በኋላ ትግሉ ወደ ትጥቅ ተሸጋገረ። ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩት ፑቻላፓሊ ሱንዳራያ እንደጻፉት፣ በ3,000 ያህል መንደሮች 1 ሚሊዮን ኤከር መሬት ለገበሬዎች ተከፋፍሏል። የኮሙኒስት ፓርቲው ትግሉ እንዲቆም ያዘዘው በኦክቶበር 1951 ነበር።

ፊልሙን የሠራው የቤንጋሉ ተወላጅ ጎታም ጎሽ ሲሆን፣ መነሻው ክሪሻን ቻንደር በኡርዱ የጻፈው ልብ ወለድ ነው። በመጽሐፉ ዋናው ሰው በእስር ቤት ሆኖ ስቅላቱን እየጠበቀ ያለፈውን ያስታውሳል። ፊልሙ ግን ይህን ትቶ ራማያ የተባለውን ወጣት ገበሬ ከመንደሩ ጀምሮ እግር በእግር ይከተለዋል። የሚወዳት ቻንድሪ ለባለርስቱ ፈቃድ እንድትገዛ ስትገደድ ራማያ መንደሩን ጥሎ ወደ ከተማ ይሄዳል። በዚያም ከአንድ የሠራተኛ ማኅበር አደራጅ ጋር ይገናኛል፤ ሰውዬው ፊደል ያስቆጥረዋል፣ ስለ ሠራተኛው መብት ያስረዳዋል። ራማያ ግን በከተማ አይቀርም፤ የተማረውን ይዞ ወደ መንደሩ ተመልሶ ከዐመፀኞቹ ጋር ይሰለፋል።

ፊልሙ ከብዙ የትግል ፊልሞች የሚለይበት መጨረሻው ነው። በሴፕቴምበር 1948 የሕንድ ጦር ሃይደራባድ ገባ፤ የኒዛሙ አገዛዝ ወደቀ፣ «ራዛካር» የተባሉት ታጣቂዎቹም ተበተኑ። ገበሬው ነጻ የወጣ ይመስላል። ነገር ግን ሸሽቶ የነበረው ባለርስት ነጭ የጋንዲ ቆብ አጥልቆ ከጦሩ በስተኋላ ይመለሳል፤ መሣሪያውም ወደ ገበሬው ይዞራል። ራማያም ይሞታል። እውነት ነው፣ በ1949 የጃጊር ባለጉልትነት ተሽሯል፣ በ1950ም የጭሰኞች ሕግ ወጥቷል። ሆኖም በዐመፁ የተከፋፈለው መሬት ብዙው ከገበሬው እጅ ወጥቷል። ባንዲራ ሲለወጥ መሬቱን ማን ይዞ እንደቀረ መመርመር እንደሚገባ ፊልሙ ያስተምረናል።

ይህን ሁሉ ካደነቅን በኋላ አንዲት እኅታችን «ቻንድሪስ?» ብላ ጠየቀች። እውነትም የቻንድሪ መከራ ራማያን ከመንደር ያስወጣዋል፤ የራሷ መንገድ ግን እንደ እሱ መንገድ አይተረክም። በታሪክ ግን ሴቶች ከዳር ሆነው አልተመለከቱም። ቺትያላ አይላማ የተባሉት አጣቢ ሴት ዴሽሙኩ ሰብላቸውን ሊወስድ ሲመጣ አናስነካም ብለው ቆመዋል። በ1986 አንድ የሴቶች ቡድን የታጋዮቹን ሴቶች ቃል ሰብስቦ በቴሉጉ አሳተመ። ብዙዎቹ መልእክት እንዳደረሱ፣ መሣሪያ እንደያዙ፣ ትግሉ ሲያበቃ ግን ወደ ጓዳችሁ ተመለሱ እንደተባሉ ተናግረዋል። የመጽሐፉ ርእስ «ለእኛ ያልታወቀን የእኛ ታሪክ» እንደማለት ሲሆን፣ «የእኛ» የተባለው በ«ማ» ሳይሆን አድማጩን በሚጨምረው በ«መነ» ነው። በፊልሙ ርእስ ባለርስቱን ያስወጣችው ቃል ትክክል ነበረች፤ ሴቶቹ የጠየቁት በውስጥ የቀረው ማን እንደሆነ ነው።

ጥያቄው እኛንም ይነካል። በ1965 ቀደምቶቻችን ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ጎዳና ወጡ። በማርች 1975 የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጾታ ሳይለይ በጉልበቱ ሊያርስ ለሚፈቅድ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ። በተግባር ግን በገበሬ ማኅበር መዝገብ ላይ በብዛት የሰፈረው የአባወራው ስም ነበር። «አራሹ» የሚለው ቃል ራሱ ወንድ ነው፤ አርማ፣ አጭዳ፣ ወቅታ የምታድረው ሴት በመፈክሩ ውስጥ ስሟ አልነበረም። መፈክሩን ያነሡት አብዛኞቹም ሞፈር የጨበጡ አልነበሩም። ይህን የምንለው ትግሉን ለማኮሰስ አይደለም፤ «እኛ» ብሎ ስለ ሌላው መናገር ኀላፊነት መሆኑን ለማስታወስ ነው። ራማያ የተማረውን ይዞ በእግሩ ተመልሷል። እኛ በባሕር ማዶ ሆነን ስለ ገበሬው ስንጽፍ፣ ቃላችን በእርሱ ፊት ቢነበብ «መነ» ይለናል ወይስ «ማ»?

ለሚቀጥለው ስብሰባ የውይይት ጥያቄዎች፦

1. ባለርስቱ ቆብ ለውጦ መመለስ የቻለው በምን ምክንያት ነው? ገበሬዎቹ ምን ቢያደርጉ ኖሮ ይዞታቸውን ሊያጸኑ ይችሉ ነበር?

2. ፊልሙ በቻንድሪ ዐይን ቢተረክ ኖሮ የቱ ትዕይንት ይቀድም ነበር? የቱስ ይቀር ነበር?

3. እያንዳንዳችን ከየመጣንበት ቀበሌ መሬት በማን ስም እንደተመዘገበ የምናውቀውን ይዘን እንምጣ። የማናውቅ ለቤተሰብ ጽፈን እንጠይቅ፤ እናቶቻችንንም ጭምር።